ነጭ ነፍጥ፣ ጥቁር ነፍጥ፦ የነዳጅና የጋዝ ታሪክ ከባኩ እስከ ካሉብ

"ናፍጣ" የሚለውን ቃል ሳንጠራ የምንውልበት ቀን ጥቂት ነው። የጭነት መኪናው የሚሞላው፣ የመስኖ ፓምፑ የሚጠጣው፣ ዋጋው በጨመረ ማግሥት የሽንኩርቱንና የጤፉን ዋጋ ይዞ የሚወጣው ናፍጣ። ይህ ቃል የዐረብኛው "ነፍጥ" ዘመድ ነው። በጥንት የዐረብኛ መጻሕፍት "ነፍጥ" ማለት ከመሬት የሚፈልቅ ተቀጣጣይ ዘይት ነው። ቃሉ ከዐረብኛም በፊት ነበረ፤ በጥንታዊት መስጴጦምያ ቋንቋ በአካድኛም ይገኛል። "ናፍጣ" ሆኖ ወደኛ የገባው በጣልያንኛ በኩል ሳይሆን አይቀርም። አማርኛ ግን ከዚያ አስቀድሞ በሌላ በር አስገብቶታል፦ ጠመንጃን "ነፍጥ" እንላለን። በማምሉኮች ዘመን ስሙ ከሚቃጠለው ዘይት ወደ ባሩድ ተሻግሮ ነበርና። አንድ ቃል በሁለት መንገድ መጥቶ አንዱ ትከሻ ላይ ተንጠለጠለ፣ ሌላው ቦቴ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ዛሬ የምናየው የዚህን ዘይትና አብሮት የሚወጣውን ጋዝ ታሪክ ነው። ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደተፈጠረ፣ ማን እንዳገኘው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መሬቱ የነሱ የሆነ ሕዝቦች ለምን ለብዙ ዓመታት ፍርፋሪውን ብቻ ሲያገኙ እንደኖሩ። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኛው ሲሆን እንጠቁማለን።

*

መጀመሪያ አንድ የተለመደ ስሕተት እናስተካክል። ብዙ ሰው ነዳጅ ከመሬት በታች እንደ ሐይቅ ተኝቶ፣ ከላይ በቧንቧ እየተመጠጠ የሚወጣ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። ነዳጅ ያለው ድንጋይ ውስጥ ነው። ለዓይን ጠጣር የሚመስል የአሸዋ ድንጋይ ወይም የኖራ ድንጋይ ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ ስፖንጅ ውሃ እንደሚይዝ ዘይቱን በነዚያ ቀዳዳዎች ይይዛል። የዳይኖሰር ሬሳ ነው የሚባለውም ተረት ነው። የነዳጅ ዋና መነሻ በጥንታዊ ባሕሮች ይኖሩ የነበሩ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፍጥረታትና አልጌዎች ናቸው። ሲሞቱ ወደ ባሕሩ ወለል ወረዱ፤ አየር በሌለበት ጭቃ ተሸፈኑ፤ በላያቸው ሌላ ጭቃ፣ በዚያ ላይ ሌላ ደለል ተቆለለ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዓመታት አለፉ። ጥልቀቱ ሲጨምር ሙቀቱ ጨመረ። ሙቀቱ ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በሆነበት ጥልቀት ያ ቅሪት ወደ ዘይትነት ተለወጠ። ከዚያ በታች ይበልጥ የጋለው ደግሞ ወደ ጋዝነት ሄደ። የተፈጥሮ ጋዝ የምንለው በአብዛኛው ሚቴን ሲሆን ከነዳጅ ጋር አንድ ቤት ያደገ ወንድም ነው። አንዳንዴ ለብቻው ይገኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ ከዘይቱ ጋር አብሮ ይወጣል።

ዘይቱ ከተፈጠረ በኋላ ከውሃ ስለሚቀል ወደ ላይ ይጓዛል። መንገዱን የሚዘጋበት ካልኖረ መሬት ላይ ደርሶ ይፈስሳል፣ ይደርቃል፣ ሬንጅ ሆኖ ይቀራል። በኢራቅ ሂት በምትባለው ከተማ ሰዎች ለሺዎች ዓመታት ጀልባቸውን የለቀለቁበት ሬንጅ እንዲህ ያለው ነው። በመንገዱ ላይ ግን ፈሳሽ የማያሳልፍ ድንጋይ እንደ ክዳን ከገጠመው፣ ያም ክዳን እንደ ድስት እፊያ ጎበጥ ያለ ከሆነ ዘይቱ እዚያው ታስሮ ይቀራል። ከላይ ጋዙ፣ ከመካከል ዘይቱ፣ ከሥር ውሃው። ነዳጅ ፈላጊ የሚባለው ሰው በእርግጥ የሚፈልገው ዘይቱን ሳይሆን ያንን ጎባጣ ክዳን ነው።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች ዕድል ይኸው ነው። ዛሬ በረሃ የሆነው ምድር በጥንት ጊዜ ጥልቀት የሌለው ሞቃት ባሕር ነበር። ለዘይት የሚሆነው ጭቃ፣ ዘይቱን የሚይዘው የኖራ ድንጋይ፣ በላዩ የሚከደነው ጨዋማ ድንጋይ፣ ሁሉም አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብሮ ተገኘ። በ1948 የተገኘው የሳዑዲው የገዋር መስክ ርዝመቱ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ሁሉ ዘይት የያዘ አንድ መስክ በዓለም ሌላ አልተገኘለትም።

ከመሬት የወጣው ጥሬ ነዳጅ፣ በኛ አጠራር ድፍድፍ፣ እንዳለ ለመኪና አይሆንም። ማጣሪያ ውስጥ ይጋላል። ቀላሉ ክፍል ቀድሞ ይተንና ይሰበሰባል፤ ከባዱ ወደ ታች ይቀራል። ለምግብ ማብሰያ በሲሊንደር የሚሞላው ቡታ ጋዝ፣ ከዚያ ቤንዚን፣ ከዚያ ላምባና የአውሮፕላን ነዳጅ፣ ከዚያ ናፍጣ፣ በመጨረሻ ለመርከብና ለፋብሪካ የሚሆነው ወፍራሙ ዘይትና የመንገዱ ሬንጅ። አንድ በርሜል የሚባለው መለኪያ 159 ሊትር ነው።

*

ይህ የማጣራት ሥራ አውሮፓ ውስጥ የተጀመረ አይደለም። በ925 አካባቢ ያረፈው ታላቁ ሐኪምና ኬሚስት አቡበክር አር-ራዚ "ኪታቡል አስራር" በተሰኘው መጽሐፉ ጥቁሩን ነፍጥ በአንቢቅ አግሎና አትንኖ ነጭ ነፍጥ የማውጣትን ዘዴ ጽፏል። አንቢቅ ያኔ የጽጌረዳ ውሃ ይወጣበት የነበረው ዕቃ ነው። ያ ነጭ ነፍጥ ዛሬ ኬሮሲን ከምንለው ጋር በጣም የተቀራረበ ነው። አያቶቻችን ላምባን "ነጭ ጋዝ" ሲሉት ራዚን አንብበው እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ግን ስሙ መግጠሙ ያስደስታል። በዚያው በአስረኛው ክፍለ ዘመን የባግዳዱ ተወላጅ አል-መስዑዲ በካስፒያን ባሕር ዳርቻ ስላለችው ባኩ ሲጽፍ የነጭ ነፍጥ መገኛ መሆኗን መዝግቧል።

እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው። ነፍጥን ያወቀ፣ ስም ያወጣለት፣ ያጣራው ሕዝብ ከሺህ ዓመት በኋላ ለምን ከባዕድ አገር ነጋዴ ጋር በገዛ መሬቱ ላይ ሊደራደር ተገደደ?

መልሱ በከፊል ቁፋሮ ነው። ጥንት ዘይቱ የሚቀዳው ራሱ ከፈለቀበት ወይም በእጅ ከተቆፈረ ጉድጓድ ነበር። በ1846 ባኩ አጠገብ በቢቢ ሄይበት በማሽን የተሰረሰረ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ያኔ ባኩ በሩሲያ ሥር ነበረች። በ1859 በአሜሪካ ፔንሲልቫንያ ኤድዊን ድሬክ የተባለ ሰው 21 ሜትር ብቻ ሰርስሮ ዘይት አገኘ። ከዚያ በኋላ ያለው እሽቅድምድም ነው። የተፈለገው ለመኪና አልነበረም፤ መኪና ገና አልተሠራም። የተፈለገው ለፋኖስ ነበር። ቤንዚን በዚያ ዘመን ማንም የማይፈልገው ትርፍራፊ ነበር ቢባል ዛሬ ማን ያምናል?

*

ከዚህ በኋላ ታሪኩ የወረቀት ታሪክ ይሆናል።

በግንቦት 28፣ 1901 የፋርሱ ሻህ ሙዘፈረዲን ዊሊያም ኖክስ ዳርሲ ለተባለ እንግሊዛዊ ባለሀብት አንድ ውል ፈረሙለት። ዳርሲ በአውስትራልያ የወርቅ ማዕድን የከበረ ሰው ነው፤ ፋርስን አንድ ቀን እንኳ ረግጧት አያውቅም። ውሉ በሰሜን ያሉትን አምስት ክፍላተ ሀገር ትቶ የቀረውን የአገሪቱን መሬት ለ60 ዓመት ሰጠው። በምላሹ 20,000 ፓውንድ ጥሬ ገንዘብ፣ 20,000 ፓውንድ የሚያወጣ አክስዮንና ከዓመታዊ የተጣራ ትርፍ 16 በመቶ ለመንግሥት ይከፈላል ይላል።

"የተጣራ ትርፍ" የምትለዋን ሐረግ ልብ በሉልኝ። ከሽያጭ አሥራ ስድስት በመቶ ቢል ኖሮ አንድ ነገር ነበር። የተጣራ ትርፍ ሲባል ግን ወጪውን የሚያሰላው ማን ነው? ሒሳቡን የሚዘጋው ማን ነው? ኩባንያው ራሱ ነው። መዝገቡ ለንደን፣ ዘይቱ ፋርስ።

ሰባት ዓመት ደረቅ ፍለጋ ሆነ። የዳርሲ ገንዘብ አለቀ፤ ሌላ ኩባንያ ገባበት፤ እሱም ሰልችቶት ሥራው እንዲዘጋ የሚያዝዝ ደብዳቤ ልኮ ነበር ይባላል። ደብዳቤው ሳይደርስ ግንቦት 26፣ 1908 መስጂድ ሱለይማን በተባለው ቦታ፣ 360 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ዘይቱ ፈነዳ። በማግሥቱ ዓመት የአንግሎ ፐርሺያን ኩባንያ ተቋቋመ፤ የዛሬው ቢፒ ነው። በ1914፣ ቸርችል የባሕር ኃይሉ ሚኒስትር ሆኖ መርከቦቹን ከድንጋይ ከሰል ወደ ዘይት ሲያዞር፣ የእንግሊዝ መንግሥት የኩባንያውን 51 በመቶ ገዛ። ከዚያ በኋላ ፋርስ የምትደራደረው ከነጋዴ ጋር ሳይሆን ከግዛተ አፄ ጋር ሆነ።

ሐረጓ ዋጋዋን ያሳየችው በኋላ ነው። በ1930 ወደ 1.3 ሚሊዮን ፓውንድ የነበረው የፋርስ ድርሻ በ1931 ወደ 300,000 ገደማ ወረደ። የዓለም ኢኮኖሚ ስለወደቀ ትርፉ ቀነሰ ተባለ። ሻህ ሬዛ በ1932 ተናድደው ውሉን ሰረዙት፤ በ1933 የተፈረመው አዲሱ ውል ግን ያገኙትን ጥቂት ማሻሻያ ዘመኑን በማራዘም አስከፈላቸው። በ1951 ሞሐመድ ሞሳዴቅ ኩባንያውን ወደ ሕዝብ ሀብትነት ሲያዞሩ የተነሡበት ክርክር ቀላል ነበር፦ የእንግሊዝ ግምጃ ቤት ከኢራን ዘይት በቀረጥ የሚሰበስበው ገንዘብ ኢራን ራሷ ከምታገኘው ይበልጥ ነበር። በነሐሴ 1953 በእንግሊዝና በአሜሪካ የስለላ ድርጅቶች በተቀነባበረ መፈንቅለ መንግሥት ተገለበጡ። ይህን አሜሪካኖቹ ራሳቸው በኋላ በይፋ ያመኑት ነው።

*

አሁን ወደ ሒጃዝና ነጅድ እንሻገር። የሳዑዲው ታሪክ ከፋርሱ በአንድ ነገር ይለያል፤ እዚያ ውሉን ያስፈረመው የሐጅ መቀነስ ነው።

ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ በመስከረም 1932 መንግሥታቸውን "ሳዑዲ ዐረቢያ" ብለው ሲያውጁ ዋና ገቢያቸው ከሑጃጆች የሚገኘው ነበር። ከዓለም ኢኮኖሚ ውድቀት በፊት ከባሕር ማዶ የሚመጣው ሐጅ አድራጊ በዓመት ወደ 100,000 ይደርስ ነበር። የጃዋው ገበሬ ጎማው፣ የሕንዱ ነጋዴ ጥጡ ዋጋ ሲያጣ ሐጁንም አቋረጠ። በ1933 የመጡት ወደ 20,000 ገደማ ብቻ ናቸው። ግምጃ ቤቱ ባዶ ሆነ፤ ዕዳው ተቆለለ። በዚያው ሰሞን፣ በ1932 ግንቦት መጨረሻ፣ ከዳርቻው ማዶ በምትታየው የባሕሬን ደሴት ነዳጅ ተገኝቶ ነበር።

በጂዳ ድርድሩን የያዙት የገንዘብ ሚኒስትሩ ዐብዱላህ አስ-ሱለይማን ነበሩ፤ ከወዲያ በኩል የካሊፎርኒያው ስታንዳርድ ኦይል ጠበቃ ሎይድ ሃሚልተን። እንግሊዞቹም በወኪላቸው በኩል ተወዳድረው ነበር፤ ግን ያቀረቡት ዋጋ አነስተኛ ነበር። ውሉ ግንቦት 29፣ 1933 ተፈረመ፦ 60 ዓመት፣ የመጀመሪያ ብድር 30,000 እና የዓመት ኪራይ 5,000 የወርቅ ፓውንድ፣ ነዳጅ ከተገኘ በቶን አራት የወርቅ ሺሊንግ። ለምን ወርቅ? ሱለይማን ወረቀት ብር አላምንም አሉ። ዘመኑም ፈረደላቸው፤ ሩዝቬልት በዚያው ዓመት ወርቅ ከአሜሪካ እንዳይወጣ ስለከለከሉ ኩባንያው ከለንደን ገዝቶ በመርከብ አምጥቶ 35,000ውን ሳንቲም በጂዳ የኔዘርላንድ ባንክ ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ አስቆጠረ።

35,000 የወርቅ ሳንቲም። በዘመኑ ለተቸገረ መንግሥት ትልቅ ገንዘብ ነው። ዛሬ ላይ ሆነን ንጉሡን "በርካሽ ሸጡ" ማለት ቀላል ነው፤ ያኔ ግን ከአሸዋው በታች ምን እንዳለ ገዢም ሻጭም አያውቅም ነበር። እንዲያውም ንጉሡ አጥብቀው የፈለጉት ውሃ የሚያገኝላቸው ሰው ነበር ይባላል።

ጂኦሎጂስቶቹ በመስከረም 1933 ጁበይል ላይ ወረዱ። በረሃውን የሚያነብላቸው ግን ኸሚስ ቢን ሪምሳን የተባለ የዐጅማን ጎሳ ሰው ነበር። ካርታ ሳይዝ፣ ኮምፓስ ሳይመለከት፣ አንዴ ያየውን ቦታ ከዓመታት በኋላ የሚያገኝ ሰው። አለቃው ጂኦሎጂስት ማክስ ስታይኒኪ ያለ ኸሚስ አይንቀሳቀስም ነበር። በኋላ አንድ የነዳጅ መስክ በስሙ ተሰይሞለታል።

በደማም የመጀመሪያው ጉድጓድ በ1935 ተጀመረ። አንደኛው ተስፋ ሰጠና ከዳ። ሁለተኛው ፈሰሰና ውሃ ሆነ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ስድስተኛውም አላጠገቡም። ሰባተኛው በታኅሣሥ 1936 ተጀመረ፤ መሰርሰሪያው ተሰበረ፣ ጉድጓዱ ተደረመሰ፣ ቀናት ወራት ሆኑ። ሳን ፍራንሲስኮ ያሉት አለቆች ገንዘቡ ባዶ ሜዳ ላይ እየፈሰሰ ነው ብለው ማጉረምረም ጀመሩ። ስታይኒኪ ግን ወደ ጥልቁ እንቆፍር አለ። በመጋቢት 1938 መጀመሪያ፣ 1,440 ሜትር ላይ፣ ሰባተኛው ጉድጓድ በቀን 1,585 በርሜል መስጠት ጀመረ። ግንቦት 1፣ 1939 ንጉሡ ራሳቸው ራስ ተኑራ ወደብ ላይ ቫልቩን አዙረው የመጀመሪያዋን መርከብ አስሞሉ።

*

እዚህ ላይ ስለ ሠራተኞቹ አንድ ነገር ሳንል አንለፍ። ስሙ በ1944 አራምኮ የሆነው ኩባንያ በዝህራን ላይ የካሊፎርኒያ መንደር የሚመስል ግቢ ሠራ። ሣር፣ የመዋኛ ገንዳ፣ ቀዝቃዛ አየር። የሳዑዲዎቹ ሠራተኞች መኖሪያ ግን ሌላ ነበር፤ ከባሩስቲ፣ ማለት ከዘንባባ ቅርንጫፍ የተሠራ ጎጆ። የራስ ተኑራን ማጣሪያ ለመሥራት ደግሞ በ1944ና 45 ከአሥመራ ጣልያኖች ተቀጥረው ተሻገሩ። እነሱም ከአሜሪካኖቹ ተለይተው በሌላ ሰፈር፣ በሌላ ደመወዝ ኖሩ። በጥቅምት 1953 ከ13,000 በላይ የሚሆኑ የአራምኮ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ዘይት የሚያወጣው እጅና ከዘይቱ የሚጠቀመው እጅ የተለያየ መሆኑ በመንግሥታት ደረጃ ብቻ የሚታይ ነገር አልነበረም።

በመንግሥታት ደረጃም ሒሳቡ ተመሳሳይ ነው። በ1949 አራምኮ ለአሜሪካ መንግሥት 43 ሚሊዮን ዶላር ግብር ከፍሎ ለሳዑዲ የከፈለው 39 ሚሊዮን ነበር። ዘይቱ የወጣበት አገር ዘይቱ ካልወጣበት አገር ያነሰ አገኘ! ቬንዙዌላ ግን ቀደም ብላ እኩል የመካፈልን ሕግ አውጥታ ነበር። ሳዑዲም ይህንኑ ጠየቀች፤ በታኅሣሥ 1950 ትርፉ ሃምሳ ለሃምሳ እንዲሆን ተስማሙ። ኩባንያው የተስማማው ከልግስና አይደለም። ለሳዑዲ የሚከፍለውን "የገቢ ግብር" ካሉት፣ የአሜሪካ ሕግ ያንኑ ያህል አሜሪካ ከሚከፍለው ላይ እንዲቀንስ ይፈቅድለት ነበርና። ጭማሪውን በእርግጥ የከፈለው የአሜሪካ ግምጃ ቤት ነው።

ሃምሳ ለሃምሳ ጥሩ ይመስላል። የምን ሃምሳ ግን? ዋጋውን የሚለጥፈው ኩባንያው ነው። የዘይት ኩባንያዎቹ ለግብር ስሌት የሚሆን "የተለጠፈ ዋጋ" ያወጡ ነበር። ዋጋውን ሲቀንሱ የአገሮቹ ድርሻ አብሮ ይወርዳል። ጠያቂም የለም።

ጠያቂው ከዙልፊ ተነሣ። ዐብዱላህ አጥ-ጠሪቂ ይባላል። በካይሮ ከተማረ በኋላ በአሜሪካ ቴክሳስ ጂኦሎጂ አጠና፤ በአሜሪካ የነዳጅ ኩባንያ ውስጥም ሠራ። ወደ አገሩ ሲመለስ የመንግሥቱን የነዳጅ ቢሮ ያዘ። አራምኮዎቹ እስከዚያ ድረስ ከፊታቸው የሚቀመጡት ሰዎች ድንጋዩንም ሒሳቡንም አያውቁትም ነበር፤ ይሄኛው ሁለቱንም ያውቃል። ዋጋውን ጠየቀ፤ በቧንቧ ወደ ሜዲትራኒያን የሚሄደው ዘይት ትርፉ የት እንደሚገባ ጠየቀ። በ1959 ካይሮ ላይ ከቬንዙዌላው ሁዋን ፓብሎ ፔሬዝ አልፎንሶ ጋር ተገናኝቶ ማዓዲ በሚባለው ሰፈር በምሥጢር ተመካከሩ። በነሐሴ 1960 ኩባንያዎቹ ማንንም ሳያማክሩ ዋጋ ሲቀንሱ ምክክሩ ፍሬ አፈራ፤ ከመስከረም 10 እስከ 14 ኢራቅ፣ ኢራን፣ ኩዌት፣ ሳዑዲና ቬንዙዌላ ባግዳድ ላይ ተሰብስበው ኦፔክን መሠረቱ። ጠሪቂ በዚያው ዓመት የሳዑዲ የመጀመሪያው የነዳጅ ሚኒስትር ሆነ፤ በ1962 ከሥልጣን ተነሣ። ዕድሜውን በአመዛኙ በስደት ገፍቶ በ1997 ካይሮ ላይ አረፈ። በኔ ግምት በነዳጅ ታሪክ ውስጥ ስሙ ሊጠራ ከሚገባው ያነሰ የተጠራ ሰው ቢኖር እሱ ነው። ተከታዩ ያማኒ ዝናውን ወረሰ፤ መንገዱን የጠረገው ግን ጠሪቂ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ቶሎ ሄደ። ሳዑዲ በ1973 የአራምኮን 25 በመቶ፣ በ1974 60 በመቶ፣ በ1980 መቶ በመቶውን ገዝታ ጠቀለለች።

*

ስለ ጋዙስ? እስካሁን ዝም ያልነው ታሪኩም ለረዥም ጊዜ ዝም ስላለው ነው።

ዘይት ፈሳሽ ነው፤ በበርሜልም በመርከብም ይሄዳል። ጋዝ ግን ወይ ቧንቧ ይፈልጋል፣ ወይ እስከ 162 ዲግሪ ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ ፈሳሽ መሆን አለበት፤ ያኔ መጠኑ ስድስት መቶ ጊዜ ያህል ይቀንሳል። ሁለቱም ብዙ ገንዘብ ነው። ስለዚህ በባሕረ ሰላጤው ለአርባ ዓመት ያህል ከዘይቱ ጋር የወጣውን ጋዝ አብዛኛውን ከጉድጓዱ አፍ ላይ አቃጠሉት። በሌሊት በምሥራቅ ሳዑዲ የበረረ ሰው በረሃው ላይ የተለኮሱ ችቦዎች ያይ ነበር። መብራት ያልገባላቸው መንደሮች በችቦዎቹ ብርሃን ሥር ያድሩ ነበር። ኩባንያው ዘይቱን ነው የሚሸጠው፤ ጋዙን የመሰብሰብ ጥቅም የአገሪቱ እንጂ የሱ አልነበረም። ሳዑዲ የጋዝ መሰብሰቢያውን ግዙፍ ሥራ የጀመረችው በ1975፣ ሀብቱ ወደ እጇ መግባት ሲጀምር ነው። ዛሬ ጁበይልና ያንቡ ላይ ያሉት ፋብሪካዎች የቆሙት በዚያ ጋዝ ነው።

የቀጠርም እንዲሁ። በ1971 ሼል ከባሕሩ በታች ዘይት ሲፈልግ ዘይት ሳይሆን ጋዝ አገኘ፤ ዜናው ለኩባንያውም ለአገሪቱም ብስጭት ነበር። የዓለም ትልቁ የጋዝ መስክ ነበር ያገኙት። ከኢራን ጋር የሚጋሩት ይህ መስክ ሩብ ምዕተ ዓመት ቆይቶ፣ በ1996 መጨረሻ፣ የመጀመሪያውን ፈሳሽ ጋዝ ወደ ጃፓን ላከ።

*

ይህ ሁሉ የኛን ደጅ አንኳኩቷል። በጥቅምት 1973 ጦርነቱ ሲነሣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች የተለጠፈውን ዋጋ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳቸው ውሳኔ ከ3 ዶላር ወደ 5 ዶላር ከፍ አደረጉት፤ ዐረቦቹ ምርት ቀንሰው ለአሜሪካና ለኔዘርላንድ መሸጥ አቆሙ፤ ከጥር 1974 ጀምሮ ዋጋው 11.65 ዶላር ገባ። ለሪያድና ለባግዳድ ይህ የዘመናት ብድር መመለስ ነበር። የገዛ ዘይት ለሌለው ድሃ አገር ግን ሌላ ነገር ነው። አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ሃምሳ በመቶ ጨመረ። የካቲት 11፣ 1966 በኛ አቆጣጠር የታክሲ ሾፌሮች መኪናቸውን አቆሙ፤ መምህራኑም በዚያው ቀን ሥራ አቆሙ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በቀናት ውስጥ የቤንዚኑን ዋጋ መልሶ ቀነሰ፤ ግን በሩ አንዴ ተከፍቷል። ወር አልሞላም የአክሊሉ ካቢኔ ወደቀ። የሙስሊሙ ኅብረተሰብ ታላቅ ሰልፍ ሚያዝያ 12 የወጣው በዚያው በተከፈተው በር ነው። የአብዮቱ ምክንያት ቤንዚን ነው ማለቴ አይደለም፤ የወሎ ረሃብ አለ፣ መሬት አለ፣ ወታደሩ አለ። ክብሪቱን የጫረው ግን ኩዌትና ቴህራን ላይ የተለጠፈው ዋጋ ነበር።

ያኔ ቢያንስ ድፍድፍ ገዝተን ራሳችን እናጣራ ነበር። በሶቭየቶች እርዳታ የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ በ1967 ሥራ ጀምሮ ነበር። በ1997 ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የምንገዛው የተጣራውን ነው።

የሚገርመው ደግሞ ታክሲዎቹ በቆሙበት ዘመን አካባቢ ኦጋዴን ውስጥ ካሉብ ላይ ቴኔኮ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ጋዝ አግኝቶ ነበር። አብዮት መጣ፤ ጦርነት መጣ፤ ኩባንያው ወጣ። በሰማኒያዎቹ ሶቭየቶች መጥተው ቆፈሩ። ከነሱ በኋላ የማሌዢያው ፔትሮናስ፣ ከዚያ ሌሎች፣ ከዚያ በ2013 የቻይናው ፖሊ ጂሲኤል። ውል ተፈረመ፣ ውል ተሰረዘ። የቀጠር ጋዝ ባሕር ውስጥ ነው፣ መርከቡ አጠገቡ ይቆማል፤ የካሉብ ጋዝ ግን ከጅቡቲ ወደብ በሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ይርቃል። በ2025 የጋዙን ማምረቻ የመጀመሪያ ምዕራፍ መመረቁን መንግሥት አስታውቋል፤ ጋዙ እዚያው ቀዝቅዞ ፈሳሽ ሆኖ በመኪና ይጫናል። በውሉ ውስጥ "የተጣራ" የሚለው ቃል ምን ተብሎ እንደተተረጎመ፣ ወጪውን የሚቆጥረው ማን እንደሆነ፣ ለሶማሌ ክልል አርብቶ አደር ከየትኛው መስመር ላይ ተቆርጦ እንደሚሰጥ ማወቅ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ሊያነብ የሚገባው የዳርሲን ውል ነው። እስከዚያው ቤንዚኑና ናፍጣው ከጅቡቲ በቦቴ መምጣቱን ቀጥሏል።